ነገረ እንቆቅልሽ ዘካዛንቺስ

የልዩ ልዩ አገሮች ጠበብት በቡድን በቡድን ተሰልፈው በጥያቄና መልስ የሚፈታተኑበት ኦሎምፒያድ እ.ኤ.አ. በ2016 በአቴና በተከፈተ ጊዜ፣ ነገሩ አዲስ ግኝት መስሎት የተደነቀ ሰው ቢኖር፣ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊን ምዕራፍ 10 ሳያነብ የቀረ መሆን አለበት። ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ኢየሩሳሌም ድረስ ወርዳ፣ ከጥያቄዋ አንድም ሳይሰወርበት ሁሉን ስለ ፈታላት፣ 120 መክሊት ወርቅ ከሽቱና ከከበረ ዕንቍ ጋር ሰጥታው ተመልሳለች። ውድድሩ በባላጋራ ሜዳ እንደ ተደረገ፣ ለዳኝነትም ከተፈታኙ በቀር ሌላ ሰው እንዳልተሰየመ ስናስብ፣ ውጤቱ ለአገራችን የሚያሳፍር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ በሁለት አንቀጽ ተሻሽሏል። አንደኛ፣ ዕዳው ከጠያቂው ትከሻ ወርዶ መልስ ባጣው ላይ ተጭኗል፤ ሁለተኛ፣ ካሣው በወርቅ መሆኑ ቀርቶ በግዛት ሆኗል። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ውሉን ያጸናል፤ ምስጢሩ ከተሰወረበትም «አገር ስጠኝ» የሚል ፍርድ ይወርድበታል። ጎንደርን ሰጥቶ አልበቃ ቢል ጎጃምን ይጨምራል። ተቀባዩም በተሰጠው አገር ገብቶ የበላውንና የጠጣውን ከዘረዘረ በኋላ፣ መልሱ እንቁላል መሆኑን ይገልጣል። ለአንድ እንቁላል አንድ ጠቅላይ ግዛት ውድ ነው የሚል ቢኖር፣ እንቁላሉን ያላወቀው ራሱ ነውና ይግባኝ የለውም።

ሥርዓቱ በካዛንቺስ ጸንቶ መኖሩ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። የሰፈሩ ስም ራሱ እንቆቅልሽ ነው፤ ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራውን ድርጅት ምሕጻረ ቃል ከቤቶቹ ጋር ትቶልን ቢሄድ፣ ሕዝቡ ሳይፈታው አላምጦ ዋጠው። ከዚሁ ሰፈር ጥግ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ቆሟል፤ በዚያም ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ፤ በዓመቱም የካይሮው ጉባኤ፣ ነጻነት በተገኘ ጊዜ የነበረው ወሰን እንዲከበር ወሰነ። መሪዎቹ አንድ ክንድ መሬት እንዳይነካ ቃል ሲገባቡ፣ ከአጥሩ ማዶ የካዛንቺስና የቂርቆስ ሕፃናት፣ መብራት በጠፋ ምሽት፣ እራት እስኪቀርብ ሦስት አራት ጠቅላይ ግዛት ይቀባበሉ ነበር፤ ስለዚህም ጉዳይ ለጸጥታው ምክር ቤት የቀረበ አቤቱታ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰጪው የሰጠውን አገር አይቶት አያውቅም፣ ተቀባዩም የበላሁ የጠጣሁ የሚለው በምናቡ ነው፤ በማግሥቱ ምሽት ጎንደር ሳትነካ እንደገና ለስጦታ ትቀርባለች።

በዚህ ሁሉ የርስት ዝውውር አንድ ክልከላ ሳይጻፍ ጸንቶ ኖሯል፤ ተሸናፊ «ካዛንቺስን ሰጠሁህ» ቢል ተቀባይ የለውም፤ ሰው በተቀመጠበት ደጃፍ ላይ አይሾምምና። ነባሩ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲሄድ ግን ሕጉ ሌላ ትርጓሜ አስፈለገው። በአንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተቀምጣ እንቆቅልሽ የጠየቀች የቀድሞ ጎረቤታችን ልጅ፣ ጎንደር ቢቀርብላት «አልፈልግም»፣ ጎጃም ቢጨመርላት «አልፈልግም» ካለች በኋላ፣ «ካዛንቺስን ስጪኝ» አለች፤ ተሰጣት። እንደ ሕጉም ካዛንቺስ ገብታ የበላችውንና የጠጣችውን መዘርዘር ጀመረች፤ የምትቆጥረው የምታውቀውን ስለ ሆነ ዝርዝሩ ማለቂያ በማጣቱ፣ የጥያቄው መልስ ሳይነገር መሸ።