ውርጌሳ ቦምብ አትሞክርም፣ አብሽሩ

እስከ ዛሬ በወሎ፣ ሐብሩ ወረዳ አንድም የኒውክሌር ሙከራ አልተካሄደም። ዓለም ይመዝግብልን። ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ገበሬው ማሽላና ጤፍ ሲያበቅል እንጂ ዩራኒየም ሲያበለጽግ ያየ የለም። አብሽሩ፣ ወደፊትም አናደርገውም፤ ፈርመናል።

የኒውክሌር ሙከራን ከነአካቴው የሚከለክለው ስምምነት መስከረም 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ለፊርማ ሲቀርብ ኢትዮጵያ በማግስቱ ፈረመች። ነሐሴ 2 ቀን 1998 ዓ.ም. አጸደቀች። በዚህም አልበቃትም፤ አዲስ አበባ ጥግ ፉሪ ላይ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ለስምምነቱ የቁጥጥር መረብ ረዳት ሆኖ ያዳምጣል። ማን ሰረቀ ማን አፈነዳ፣ ፉሪ ጆሮዋን ጥላ ትጠብቃለች።

ስምምነቱ ግን ዛሬም አልጸናም። እንዲጸና በስም የተዘረዘሩ 44 አገሮች አንድ ሳይቀሩ ማጽደቅ አለባቸው። ኢትዮጵያ ከ44ቱ የለችበትም። እዚያ ዝርዝር የሚያስገባው ጨዋነት ሳይሆን ሪአክተር ነው፤ ኮንጎ እንኳ ኪንሻሳ ላይ የምርምር ሪአክተር ስለነበራት ተቆጥራለች። እኛ ብንፈርም ተመስገን፣ ባንፈርም የሚጎድል የለም። ይህን የመሰለ ክብር የት ይገኛል?

ከ44ቱ ያላጸደቁት ዘጠኝ ናቸው፦ አሜሪካ፣ ቻይና፣ ሩሲያ፣ ህንድ፣ ፓኪስታን፣ ሰሜን ኮሪያ፣ እስራኤል፣ ኢራንና ግብፅ። ከሁሉ የማደንቀው አሜሪካን ነው። ከ1,000 በላይ ቦምብ ሞክራ ስትጨርስ ፕሬዚዳንቷ ክሊንተን ከዓለም ቀድመው ፈረሙ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 የራሳቸው ሴኔት 51 ለ48 ጣለው። ሩሲያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2000 አጽድቃ ነበር፤ በ2023 “አሜሪካ ያላደረገችውን እኔ ለምን?” በሚል መንፈስ ማጽደቋን ሰረዘች። በ2025 ጥቅምት ወር መጨረሻ ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሌሎች እኩል እንድንሞክር አዝዣለሁ አሉ። እኩልነት የማይወድ ማን አለ?

ቪየና የተቀመጠው የስምምነቱ መሥሪያ ቤት ስሙ “የዝግጅት ኮሚሽን” ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እየተዘጋጀ ነው። ሰዎቹ ሥራ ፈቶች አይደሉም፤ ዓለምን በጣቢያ አጥረው ሰሜን ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ያፈነዳቻቸውን ስድስቱንም ሰምተዋል። መስማት ይችላሉ፤ ሄደው ሥፍራውን መፈተሽ ግን ስምምነቱ ሳይጸና አይፈቀድላቸውም። በየሁለት ዓመቱም ያጸደቁት አገሮች ተሰብስበው ያላጸደቁትን “እባካችሁ” የሚል መግለጫ ያወጣሉ።

ወሎ ደም የሚያደርቅ፣ አበጋር የሚባል አስታራቂ አለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ፊቱ ቀርቦ ቃል ይገባል። እስቲ አንድ አበጋር ተነስቶ፣ “ጎረቤት ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ይማል፤ እርቁ የሚጸናው ግን ጠመንጃ ያላቸው ዘጠኙ በፈለጉት ቀን ሲፈቅዱ ነው” ይበል! ሽማግሌው ሁሉ ጋቢውን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ኒው ዮርክ ላይ ግን ተጨበጨበ።

ኢትዮጵያ ይህን ጭብጨባ ቀድማ ታውቀዋለች። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና ያቀረበችው፣ የኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለው የውሳኔ ሐሳብ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ55 ድምፅ አለፈ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃወሙ። ፈረንሳይማ ያኔ የአልጄሪያን ሰሃራ መሞከሪያ አድርጋው ነበር። ሶቪየት ኅብረት ግን እጇን አውጥታ ደገፈች፤ 50 ሜጋ ቶን ኃይል ያለውን፣ የዓለምን ትልቁን ቦምብ ኖቫያ ዘምልያ ላይ ካፈነዳች ገና 25 ቀኗ ነበር። እጇ እንዴት አልተንቀጠቀጠም!

የውርጌሳ ሰው የፍንዳታ ድምፅ አያውቅም ለማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት አካባቢው በከባድ መሣሪያ ሲናወጥ ሰምቷል። ያ ግን የኒውክሌር ፍንዳታ ስላልነበረ የቪየና ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ውርጌሳ መደመጥ ካማራት ምክሬ አጭር ነው፤ ከገበያው ጀርባ ሪአክተር ትትከል፤ ከዚያ “ለማጽደቅ እያሰብኩ ነው” ትበል። ልዑካኑ በወልዲያ መንገድ ተሰልፈው ይመጣሉ፣ እንለማመጥሽም ይሏታል። እስከዚያው ግን የኢትዮጵያ ድርሻ ተከፍሏል፤ ዕዳው ያለው ዋሽንግተን፣ ሞስኮ፣ ቤጂንግና ስድስቱ ባልንጀሮቻቸው ዘንድ ነው።