ውኃ ያበዛ እጅ

ዛፍ የሚገደለው በመጥረቢያ ይመስለኝ ነበር። እኔ በጆግ ገደልኩ።

ያውም አርጆ ላይ! ከዴዴሳ ሸለቆ በላይ በተቀመጠች ደጋ፣ ክረምቱ ከብዙው አገር ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ በሚወጣበት አካባቢ። ሰማዩ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ እኔ ግን በየማለዳው ጆግ አንስቼ አግዘው ነበር።

ዛፉ ፊከስ ነው፤ በየሆቴሉ በራፍ የምናየው፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቀው። ከነቀምት ጭኔ ላይ አስቀምጬ አመጣሁት። ከዋርካና ከሾላ ጋር የአንድ ወገን ተክል መሆኑን ሳነብ ደግሞ ልቤ አበጠ። የገዳ ሸንጎ ከጥላው ሥር የሚቀመጥበት ኦዳም ዘመዱ ነው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የኦዳ ዘመድ» እያልኩ ማስተዋወቅ ጀመርኩ። እንግዳው ከአጥሩ ማዶ ያለውን ግዙፍ ሾላ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ ላይ የማይደርሰውን ዘመዱን ያይና ቡናውን ፉት ይላል።

እንግዲህ ልናዘዝ። የመጀመሪያው ኃጢአቴ ኩራት ነው። ለትንሽ ችግኝ ትልቅ የዘይት ጣሳ አዘጋጀሁ፤ «ይደግበት» ብዬ። ሥሩ የማይደርስበት አፈር ሁሉ ውኃውን ይዞ እንደሚቀመጥ አላሰብኩም።

ሁለተኛው ስስት ነው። የበረንዳዬ ሊሾ እንዳይረጥብ ሳስቼ ጣሳውን ከታች አልበሳሁትም፤ ጠጠር አነጠፍኩበትና ተኛሁ። ውኃ ግን መሄጃ ካላገኘ ጠጠር ምን ይረዳዋል? ጭቃው ከጠጠሩ በላይ እንደረጠበ ይቀራል፣ ሥሩም አየር ያጣል። ሥር እንደሚተነፍስ የገባኝ ጣሳው ከሸተተ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ልግስና ነው። በውኃ የታፈነ ሥር ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውኃ ስለማይስብ ቅጠሉ ልክ እንደተጠማ ተክል ይጠወልጋል። ጠወለገ፤ ጨመርኩለት። ይበልጥ ጠወለገ፤ ይበልጥ ጨመርኩለት። ፊከስ ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉን የሚያራግፍ ባሕርይ አለው፤ እኔ ደግሞ ባራገፈ ቁጥር ቦታ እቀይርለታለሁ። በመጨረሻ ለበቆሎ ከተገዛው ዩሪያ አንድ እፍኝ አቀመስኩት። 46 በመቶው ናይትሮጅን የሆነ፣ ለማሳ የተሠራ ማዳበሪያ ጣሳ ውስጥ ሲገባ የተረፈውን ሥር አቃጠለው።

ጎረቤታችን፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ይህን ሁሉ በአጥሩ ላይ ሲከታተሉ ከርመዋል። አንድ ቀን አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ የምታሳድገው ዛፍ ነው ወይስ ዓሣ?»

ጣሳ ውስጥ ዛፍ አይሆንም ብዬ እንዳልጽናና ጃፓኖች አሉ። ቦንሳይ በሚሉት ጥበባቸው ሥሩን እየከረከሙ፣ ውኃ የሚያሳልፍ ሻካራ አፈር እየሰጡ ዛፍን ለልጅ ልጅ ያወርሳሉ። ያማኪ ከሚባል ቤተሰብ የተገኘ አንድ ጥድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲገራ ኖሯል። በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአጥር ግቢ ውስጥ ነበር፤ ተረፈ። በ1976 ለአሜሪካ ተሰጥቶ ዋሽንግተን ገባ። ያ ዛፍ ከአቶሚክ ቦምብ ተርፏል። የእኔ ከእኔ አልተረፈም።

ሰነፍ ብሆን ኖሮ ዛፌ ዛሬም በሕይወት ይኖር ነበር። ዝናቡ ከተፍ ሲል አርፎ መቀመጥን የመሰለ ከባድ ሥራ ግን ለእኔ አልተሰጠኝም።

አሁን ሌላ ፊከስ ተተክሏል፤ ጣሳው ልኩ ነው፣ ከታችም ተበስቷል። የላይኛው አፈር ካልደረቀ ውኃ የሚባል ነገር የለም። ሕጉን የምታስከብረው ባለቤቴ ስትሆን ጆጉን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋብኛለች። ለእኔ የተፈቀደልኝ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ መድረቁን መለካት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ እለካለሁ፤ ሰሞኑን ችግኙ በጣቴ ጉድጓዶች መሐል ዘመም ማለት ጀምሯል።