የኤርፎን ዋጋና የጆሮ ዳኝነት

ኤርፎን ድምፅን ጆሮ ሥር አምጥቶ የሚያሰማ ዕቃ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ዋጋ ነው። አስፋልት ዳር ካርቶን ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጠው ጀምሮ እስከ ጀርመኑ ዜንሃይዘር «ኤችኢ 1» ድረስ ሁሉም የሚሠሩት ይህንኑ አንድ ሥራ ነው። የመጀመሪያው በሻይና በብስኩት ሒሳብ ይገዛል፤ ሁለተኛው በ2015 ሲተዋወቅ ዋጋው 50,000 ዩሮ ገደማ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ምን ያህሉ የድምፅ፣ ምን ያህሉ የስም፣ ምን ያህሉስ የገዢው ምኞት ነው የሚለው ክርክር ዕድር ላይ ቢነሣ ዕድር የሚያፈርስ ነው።

«ኤችኢ 1»ን ለመስማት መጀመሪያ ማየት ግድ ይላል። ማጉያው ከጣሊያን ካራራ በመጣ እብነ በረድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሚኬላንጄሎ ሐውልቶቹን የቀረጸበት የድንጋይ ዓይነት መሆኑን አምራቹ ሳይናገር አያልፍም። ማብሪያው ሲነካ መቆጣጠሪያዎቹ ከድንጋዩ ውስጥ ቀስ ብለው ብቅ ይላሉ። ቀጥሎ ስምንት የመስተዋት ቱቦዎች ከላይ ተነሥተው መጋል ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ነው ክዳኑ ተከፍቶ ኤርፎኑ የሚታየው። ዘፈን የሚባል ነገር ገና አልተጀመረም፤ ገዢው ግን የገንዘቡን ግማሽ በዓይኑ አስመልሷል። ድምፁን የሚያወጣው ስስ ፊልም ፕላቲነም የተቀባና 2.4 ማይክሮሜትር ብቻ የሚወፍር ነው። መግለጫው ዕቃው ከ8 እስከ 100,000 ኸርዝ ያሰማል ይላል። የሰው ጆሮ፣ ያውም የጤነኛ ወጣት ጆሮ፣ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ነው። የቀረውን 80,000 መኖር አለመኖሩን ልትመሰክር የምትችለው ጣሪያ ሥር ያለችው የሌሊት ወፍ ናት፤ እሷን ደግሞ የጠየቃት የለም።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ሰው በ1910 ገደማ ኤርፎን ሠርቶ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ላከ። ባሕር ኃይሉ ሞክሮ ወደደውና ጨምርልን አለ፤ ባልድዊን ግን የሚሠራው ወጥ ቤቱ ውስጥ ስለነበር በአንድ ጊዜ ብዙ ማቅረብ አልቻለም። በ1958 የሚልዋኪው ጆን ኮስ ስቴሪዮ ኤርፎን ይዞ ብቅ አለ፤ ሊሸጥ ያሰበው ተንቀሳቃሽ የሸክላ ማጫወቻ ነበር፣ ኤርፎኑ ለማሳያ የመጣ ጭማሪ ነው። ሰው ማጫወቻውን ትቶ ጭማሪውን ገዛ። በ1968 የዜንሃይዘር «ኤችዲ 414» ጀርባው ክፍት ሆኖ፣ ቢጫ ስፖንጅ ለብሶ ወጣና ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በ1979 የሶኒ ዎክማን ኤርፎንን ከሳሎን አውጥቶ መንገድ ላይ አዋለው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የርካሽ ዕቃ ታሪክ ነው።

ዋጋው ከሰው ጋር የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው። በ1989 ሶኒ «ኤምዲአር አር10»ን አወጣ፤ ቀፎው ዕድሜው 200 ዓመት ከሆነ የጃፓን ዛፍ የተፈለፈለ፣ ዋጋው 2,500 ዶላር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ዜንሃይዘር «ኦርፊየስ»ን ከነማጉያው ወደ 16,000 ዶላር ተምኖ 300 ብቻ ሠራ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሳቀ። ዛሬ ያ ዕቃ ሲገኝ ከተሸጠበት በላይ ይጠየቅበታልና የሳቁት ሰዎች ሳቃቸውን ቀንሰዋል።

ገንዘቡ የት እንደሚገባ ለመረዳት የዕቃውን ሆድ ማየት ያስፈልጋል። አብዛኛው ኤርፎን ውስጥ ማግኔት፣ ጥቅል ሽቦና የሚንቀጠቀጥ ስስ ፊልም አለ፤ የመንገድ ዳሩም የፈረንሳዩ ፎካል በ2016 ወደ 4,000 ዶላር ያወጣበት «ዩቶፒያ»ም በዚህ ዘዴ ይሠራሉ። ልዩነቱ የፎካሉ ፊልም ቤሪሊየም ከሚባል ቀላልና ግትር ብረት መሠራቱ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሽቦውን ፊልሙ ላይ ዘርግቶ በማግኔቶች መካከል ያንጠለጥለዋል፤ ክብደቱ አንገት ያለማምዳል። ሦስተኛው የጃፓኑ ስታክስ ከ1960 አካባቢ ጀምሮ የታወቀበት ነው፤ ፊልሙ በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ይሳባል ይገፋል፣ ለዚህም 580 ቮልት ያስፈልገዋል። ጆሮ አጠገብ 580 ቮልት መኖሩ ሲነገራቸው ዘመዶች ይደነግጣሉ፤ የሚፈሰው ኃይል ኢምንት ስለሆነ ግን ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ደረሰኙ ነው። የተቀረው ዋጋ የእጅ ሥራ፣ የምርቱ ቁጥር ማነስ፣ የበግ ቆዳ ትራስና ሣጥን ነው። ሣጥኑን መናቅ አይገባም፤ አንዳንዱ ልብስ ያስቀምጣል።

ተከራካሪዎቹ ሁለት ወገን ናቸው፤ ባለጆሮዎችና ባለመለኪያዎች ቢባሉ ያስማማል። ባለጆሮው በራሱ ጆሮ ይምላል። ለእሱ ድምፅ «ሞቅ ያለ»፣ «አየር ያለው»፣ «ጀርባው ጥቁር» ይሆናል። የዜንሃይዘር «ኤችዲ 650» መጋረጃ ለብሷል ተብሎ ዓመታት የፈጀ ሙግት ተካሂዶበታል፤ ከፊሉ መጋረጃውን ይሰማል፣ ከፊሉ መስኮቱንም አላየሁ ይላል። ባለመለኪያው በበኩሉ ግራፍ ይዞ ይመጣል፤ ዘፈን ይወድ እንደሆነ ግን ከንግግሩ ማወቅ ያስቸግራል።

ባለጆሮዎች አዲስ ኤርፎን መቶ ሁለት መቶ ሰዓት ሳይሠራ ትክክለኛ ድምፁን አይሰጥም ይላሉ። በዚያ ጊዜ የጆሮው ትራስ ለስልሶ ፊት ላይ ይገጥማል፣ ሰሚውም ይለምደዋል፤ ለውጥ ተሰማኝ የሚለው ሰው ዋሾ አይደለም፣ የተለወጠውን ዕቃ ስም ነው የተሳሳተው። ይህ የመላመጃ ጊዜ ብዙ ሱቆች ዕቃ መልሰው ከሚቀበሉበት ቀነ ገደብ ጋር ተቀራራቢ መሆኑም ለሻጭ የወረደ በረከት ነው።

ገመድ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከርራል። ከመዳብ ወደ ብር ገመድ የቀየረ ሰው ከበሮው ጠራ ይላል። የዜንሃይዘር «ኤችዲ 600» ጥቅል ሽቦ መቋቋም 300 ኦም ነው፤ የማንኛውም ደህና ገመድ መቋቋም ከአንድ ኦም የማያልፍ በመሆኑ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የለም ማለት ይቻላል። በ2007 አስማተኛው ጄምስ ራንዲ 7,250 ዶላር የሚያወጣን የስፒከር ገመድ ከተራው ሳያይ በመስማት ብቻ የለየ ሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር ይውሰድ ብሎ ነበር። የሽልማቱ ገንዘብ 137 እንዲህ ያሉ ገመዶች ይገዛል። ብዙ ንግግር ተደረገ፣ ፈተናው ግን ሳይካሄድ ቀረ።

ሳያዩ ማወዳደር ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ወጥመዶች ግን አሉበት። የመጀመሪያው የድምፅ ከፍታ ነው። ከሁለት ኤርፎኖች አንዱ በአንድ ዴሲቤል እንኳ ቢበልጥ ሰሚው ጮኸ አይልም፣ ጠራ ይላል። ስለዚህ ከፍታቸው በመሣሪያ ሳይስተካከል የተደረገ ውድድር ሁሉ የጯሂው ድል ነው። ሁለተኛው የራስ ቅል ነው። ዓይን ቢሸፈንም ክብደቱን ራስ ይመዝናል፣ ቆዳውን ጉንጭ ያውቃል። የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪዎች እነ ሾን ኦሊቭ ይህን ያመለጡት በዘዴ ነው፤ ለሁሉም ሰው አንድ ኤርፎን አድርገው የሌሎቹን ድምፅ በኮምፒውተር እያስመሰሉ አሰሙት። ከዚህ ዓይነቱ ሙከራ አብዛኛው ሰው የሚወደው የድምፅ ቅርፅ ተገኘ፤ ደህና ክፍል ውስጥ ያለ ደህና ስፒከር የሚመስል፣ ቤዙ ትንሽ ከፍ ያለ። ሚስጥሩ ይኸው ነው፣ በርካሽ ዕቃም ሊሠራ ይችላል።

ባለመለኪያዎች እንደ መሐላ ሰነድ የሚይዙት ጥናት በ2017 የወጣው የየሩን ብሬባርት ነው። 283 ኤርፎኖችን ለክቶ ባንድ በኩል የድምፅ ቅርፃቸውን፣ በሌላ በኩል የመደብር ዋጋቸውን አስተያየና በሁለቱ መካከል ዝምድና አላገኘም። ባለጆሮዎች ይህን ሰምተው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። መልሳቸው ከንቱ አይደለም፤ የድምፅ ቅርፅ ብዙውን ይናገራል እንጂ ሁሉንም አይናገርም፣ የግራና የቀኙ እኩልነት፣ የአሠራሩ ጥንካሬ፣ ሦስት ሰዓት ሲለበስ ጆሮ አለማቃጠሉ ግራፉ ላይ የሉም። የኮስ «ኬኤስሲ75» 20 ዶላር ገደማ ወጥቶበት ስንቱን ውድ ዕቃ ያሳፈረ ነው፤ ይሁን እንጂ ከእሱ ወደ 300 ዶላሩ ሲኬድ ሽሮው ላይ ቅቤ ይገባል። ከ300ው ወደ 4,000ው ሲኬድ ግን የሚቀረው ቅቤው የሸኖ ነው ወይስ የሌላ አገር የሚለው ሙግት ነው።

ክብደት ራሱን የቻለ ዳኛ ነው። በ2015 አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ 199 ዶላር የሚሸጥ ስመ ጥር ኤርፎን ፈታትቶ የዕቃዎቹን ዋጋ ሲደምር 17 ዶላር ያህል ሆነበት። ከሁሉ ያስገረመው አራት የብረት ቁርጥራጮች ነበሩ፤ ለዕቃው ክብደት ከመስጠት በቀር ብዙም ሥራ አላገኘላቸውም። ወሬው ዓለምን ከዞረ በኋላ የተፈታው ዕቃ አስመስሎ የተሠራ መሆኑ ታወቀ። መሐንዲሱ እውነተኛውን ገዝቶ ደግሞ ፈታ። የዕቃው ሒሳብ ወደ 20 ዶላር ከፍ አለ፣ ብረቶቹ ግን እዚያም ነበሩ። አስመሳዩ ብረቱን ሳይቀር ማስመሰሉ የሙያ ክብሩን ያሳያል።

ይህን የመርካቶ ነጋዴ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ኤርፎኑን ከፕላስቲኩ አውጥቶ ገዢው መዳፍ ላይ ጣል ያደርግና «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው፤ ክብደቱን እየው እስቲ!» ይላል። ገዢውም ጆሮው ላይ ሳያደርገው እጁን ከፍ ዝቅ አድርጎ መዝኖ «የመጨረሻውን ንገረኝ» ወደሚለው ያልፋል። ድምፁን መሞከር ትዝ የሚለው ቤት ሲገባ ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ላይ ኤርፎን የሚያስልክ ሰው በዚህ በኩል ይሻላል፤ እሱ የሚያስበው ስለ ድምፅ ሳይሆን ሻንጣው ስንት ኪሎ ቀረው ብሎ ነው።

ኤርፎኑ ጥሩ ሆነ እንበል፤ ምን ሊሰማበት ነው? የጥላሁን ገሠሠ ወይም የብዙነሽ በቀለ ዘፈን በየስልኩ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ኤምፒስሪ፣ ከዚያም በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲገላበጥ ኖሮ ነው። የ4,000 ዶላሩ ኤርፎን ይህን ታሪክ አንድም ሳያስቀር ያወጣዋል፤ የሸክላው ጭረት እዚህ፣ የካሴቱ እሽታ እዚያ፣ ቴፑ የተንጠለጠለበት ቦታ መሐል ላይ። ዘፋኙ ከሁሉም ኋላ ይደርሳል። የመንገድ ዳሩ ኤርፎን ግን ደግ ነው፤ እሽታውንም ማሲንቆውንም አብሮ ይሸፍናል።

የሰሚው ራስም አለበት። ጀርባው ዝግ የሆነ ኤርፎን ቤዝ የሚሰጠው ትራሱ ዙሪያውን ሲገጥም ነው። መነጽር፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ከሥር የታሰረ ሻሽ ትንሽ ክፍተት ከተዉ ቤዙ በዚያ ይወጣል። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ኤርፎን «ቤዙ ያንቀጠቅጣል»፣ «ቤዝ የሚባል የለውም» ብለው ሲጨቃጨቁ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ መነጽር ያደርጋል። ዕድሜ ደግሞ ከላይኛው ድምፅ ጀምሮ ይቆርጣል። ሃምሳን ካለፉት ብዙዎቹ ከ12,000 ኸርዝ በላይ ያለውን እምብዛም አይሰሙም። ውድ ኤርፎን የሚገዛ ገንዘብ በአብዛኛው የሚጠራቀመው በዚሁ ዕድሜ ነው። የሃያ ዓመቱ ልጅ ጆሮው ሞልቶ ኪሱ ባዶ ነው፤ አባቱ የገዛውን ሲያዋስም «አትጩኽበት» ተብሎ ነው። አባትየው እዚህ ላይ አልተሳሳተም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በላይ ሲጮኽ ሰዓቱ በፍጥነት ይቀንሳል።

የመጨረሻው የቦታ ጣጣ ነው። ከውዶቹ ብዙዎቹ፣ «ኤችዲ 600»ም «ዩቶፒያ»ም «ኤችኢ 1»ም፣ ጀርባቸው ክፍት ነው፤ ድምፁ ሰፊና የተፈታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ክፍት በመሆናቸው ግን የጎረቤት ውሻ፣ የወፍጮ ቤት ሞተርና የሠርግ ድንኳን እንደ ልባቸው ይገባሉ። ዘፈኑም እንዲሁ ይወጣል። ሌሊት አልጋ ላይ ሲደመጥ አጠገብ የተኛው ሰው ቃል በቃል ባይሆንም ዜማውን ይከተላል፤ ይነቃል፣ ዋጋውንም ያን ጊዜ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ባለ ኤርፎኑ ማጉያውን፣ ገመዱንና ሣጥኑን ሰብስቦ ወደ ሳሎን ይዛወራል፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ከዓመታት በፊት በዋጋው ሩብ የተገዛ፣ የሚሠራ ስፒከር አለ።