ጫፉ የተቆረጠ ኖት

ቤቴ ውስጥ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ጠፍቷል። መደቡ ላይ ኖት፣ ረከቦቱ ላይ ኖት፤ ትናንት ማታ ጋቢዬን ሳነሳ ከሥሩ ፔሪዮዲክ ቴብል ዱብ አለ። የልጅ ልጄ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። "ተፈታኝ አለብን" ከተባለ ወዲህ እዚህ ቤት ሬዲዮ አይከፈት፣ ጎረቤት ለቡና አይጠራ። ሳል ሲመጣብኝ እንኳ ወደ ደጅ ወጥቼ ነው የምስለው። የመካነ ሰላም ብርድ ደግሞ ለሽማግሌ ሳል እንደማያዝን የቀመሰው ያውቀዋል።

ማታ ማታ "አባባ፣ ጠይቀኝ" ትለኛለች። መጠየቅ ማለት እኔ ወረቀቱን ይዤ እሷ በቃሏ ስትወጣው መስማት ነው። መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አስቀምጬ፣ መብራቱም እንደ ልማዱ ስለጠፋ በስልኳ ባትሪ እያበራሁ እንደ ዳኛ እሰየማለሁ።

"ፎቶሲንተሲስ ኢዝ ዘ ፕሮሰስ ባይ ዊች ግሪን ፕላንትስ ሜክ ዜር ኦውን" አለችና ቀጥ አለች።

ጠበቅኩ። የበልግ ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ አንጋጥጬ ጠበቅኩ።

"የራሳቸውን ምን?"

"እዚያ ላይ ያበቃል፣ አባባ።"

"እንዴት ያበቃል? ቅጠሉ የራሱን ምን ሠራ? የራሱን ቤት ሠራ?"

"ኖቱ ላይ እንደዚህ ነው ያለው።"

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁት። እውነቷን ነው። ፎቶ ኮፒ ሲነሳ ተንጋዶ ኖሮ ከየመስመሩ የመጨረሻዋ ቃል ዳር ላይ ተቆርጣ ቀርታለች፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። እዚህ ላይ የተቆረጠችው "ምግብ" የምትለዋ ቃል ነበረች። ወሎ ላይ ምግብ ዳር ሲቀር ይህ የመጀመሪያው አይደለምና በሱ ብዙም አልደነገጥኩም። ያስደነገጠኝ ልጅቷ ቃሏ የት ሄደች ሳትል እንደተቆረጠች መሸምደዷ ነው።

የኖቱን የዘር ሐረግ አጣራሁ። መጀመሪያ የጻፈችው አዲስ አበባ ያለች አንዲት ጎበዝ ተማሪ ናት አሉ። ስሟን የሚያውቅ የለም። ከእሷ በቴሌግራም ወጣ፤ ደሴ ላይ አንዱ ወረቀት ላይ አወጣው፤ ከዚያ በአንድ ተማሪ ቦርሳ ጉጉፍቱን ወጥቶ፣ አቀስታን አልፎ እኛ ያለንበት ወሎ ቦረና ገባ፤ እዚህ ተባዛ፤ የተባዛው እንደገና ተባዛ። በዚያ መንገድ ሲመጣ የሰው ጆሮ እንኳ በብርድ ሊቆረጥ ምንም አይቀረው፤ የወረቀት ዳር ቢቆረጥ ምን ይገርማል?

ሃይላይተር የሚሏት ቢጫ ቀለም ደግሞ አለች። ዋናውን ነገር ለመለየት ናት ሲሉኝ ጥሩ ብልሃት ነው ብዬ ነበር። ገጹን ሳየው ከላይ እስከ ታች የመስከረም አደይ የወረሰው ማሳ መስሏል። "ያልተቀባው የቱ ነው?" ብላት "ቀለሙ ያለቀብኝ ጋ" አለችኝ።

ባዮሎጂው ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ እንስሳት ተዘርዝረዋል። "ቀይ ቀበሮ የት ይኖራል?" አልኳት። "ባሌ ማውንቴንስ" አለች፣ እንደ ተኩስ። ባሌ! ቀይ ቀበሮው እኮ እዚሁ ደንቆሮ ጫካ ውስጥ አለ፤ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው ከነጭላዳው፣ ከነአስታው፣ ከነጅብራው እሱ ነው። ከዚህ ቤት ተነስተሽ ሄደሽ የምታይውን አውሬ ባሌ ድረስ ምን ያሳድድሻል ብዬ ጮህኩ።

"አባባ፣ ፈተና ላይ ደንቆሮ አይመጣም" አለችኝ።

ደንቆሮማ ይመጣል፤ በየዓመቱ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል ብዬ በሆዴ መለስኩላት። እሷን ማለቴ አይደለም። እሷ ብልህ ናት፤ ኖቱ ነው ያደከማት።

እንግሊዝኛው ላይ ኮንዲሽናል የሚባል ነገር አለ፤ ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ፣ ታይፕ ትሪ። "ኢፍ ፕላስ ፓስት ፐርፌክት፣ ዉድ ሃቭ ፕላስ" ብላ ልክ እንደ ወጥ ቅመም ትደረድረዋለች። ምን ማለት ነው ብላት የለችበትም። ታይፕ ትሪ እኮ የቁጭት ሰዋስው ነው! ያለፈውን ነገር በ"ኖሮ" መልሶ ማላመጥ ነው። በዚህ ቤት የሱ ባለሙያ ባለቤቴ ናት፤ ከሠርጋችን ማግሥት ጀምሮ "ያን ነጋዴ አግብቼ ቢሆን ኖሮ" ስትል ነው የኖረችው። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ታይፕ ትሪ እየሰማች አድጋ ወረቀት ላይ ስታገኘው እንግዳ ሆነባት።

የሥነ ጽሑፉ ግን ሌላውን ሁሉ አስረስቶኛል። ፍቅር እስከ መቃብርን ያንን የሚያህል መጽሐፍ በሰባት መስመር አሳጥረውታል። ደራሲ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ። ዘመን፣ 1958። መቼት፣ ጎጃም። በዛብህ፣ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ይሞታል። ሰብለ ወንጌል፣ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ መነኩሲት። ፊታውራሪ መሸሻ፣ ኩሩ። ጉዱ ካሣ፣ እብድ።

እብድ! በሌሊት ከአልጋዬ አስነሳኝ። ካሣ ዳምጤን "ጉዱ ካሣ" ብለው እብድ ያሰኙት እኮ ያገሩን ልማድ ስለተቸ የተናደዱበት ሰዎች ናቸው። ደራሲው ያን ሁሉ ገጽ የደከመው እብድ የተባለው ሰው ከሁሉም ጤነኛ መሆኑን ለማሳየት ነው። ኖት ጻፊዋ መጽሐፉን ሳታነብ ከመንደሩ ሐሜተኞች ጎን ቆመች። መጽሐፉ በወጣ ጊዜ እኔ ተማሪ ነበርኩ። አንድ ቅጂ ለአንድ ክፍል ሙሉ ይዞር ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ ሌሊቱን በኩራዝ አንብቤ አፍንጫዬ ጠቁሮ ክፍል ገባሁ። ኋላ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሥራ ፈትቶ ያላለቀሰ ማን ነበር? ከኛ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ አባይ ላየ ሰው ማዶው ጎጃም ነው። የበዛብህ አገር ከደጃችን ይታያል፤ የልጅ ልጄ ግን "መቼት፣ ጎጃም" ብላ በቢጫ ቀብታዋለች።

እሑድ ዕለት እንደዚሁ ሆነ። ልጅቷ የዘይቤ ዓይነቶችን እየሸመደደች ነው፤ ሰውኛ ዘይቤ ግዑዙን ነገር እንደ ሰው ማድረግ ነው፣ ምሳሌ፣ ፀሐይዋ ሳቀች። ባለቤቴ አቦሉን ቀድታ ወደ ሰማይ አንጋጠጠችና "ይሄ ደመና ደግሞ ዛሬም አኩርፎን ሊሄድ ነው" አለች። እኔ ወደ ልጅቷ አየሁ። ልጅቷ ወደ ኖቷ አየች። "እንዲያው ሌላ ምሳሌ አላገኘሽም?" አልኳት። "አንድ ብቻ ነው ያለው" አለች። አያቷ ቶናው ላይ ደመናውን ተሳደበችው፤ በረካው ላይ ታረቀችው፤ ኖቱ ላይ ግን ፀሐይ ብቻዋን ትስቃለች።

እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ የልብ ጓደኛዬ ደግሞ ቁርአን ቤት ይቀራ ነበር። ሉሁ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። የተጠረበ እንጨት ነው፤ በጥላሸት ቀለም ይጻፍበታል። ደረሳው የተጻፈለትን ቀንና ሌሊት ይቀራዋል፤ ሸሁ ፊት አንድ ሳይስት ሲወጣው ሉሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። እጣቢውን ለበረከት የሚጠጣም ነበር። በቅኔ ቤትም ቢሆን ትናንት የተቀኙትን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። ጽሑፉ የሚጠፋው ራስ ውስጥ ስለገባ ነበር። የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ምንም አይታጠብም። አንድ ቀን አስቆጠርኳት፤ አራት መቶ አሥራ አንድ ፒዲኤፍ። ስንቱን አነበብሽ ብላት "ሁሉንም ሴቭ አድርጌዋለሁ" አለች። ሴቭ ማለት ማዳን ነው ብለው ነበር ያስተማሩን። ከምን እንዳዳነችው ለብዙ ቀን ሳሰላስል ከረምኩ፤ ከመነበብ መሰለኝ።

ከ2014ቱ ፈተና ወዲህ ደግሞ ብዙው ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው የሚፈተነው። እኛ ለመማር በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረን በእግር ደሴ ድረስ እንሄድ ነበር፤ እነሱ ለመፈተን አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ወደ ፈተናው ስልክ አይገባም። ስለዚህ አራት መቶ አሥራ አንዱ ፒዲኤፍ ለእኔ በአደራ ተሰጥቶ እቤት ይቀራል። ኖቱ ያለው እኔ ጋ ከሆነ ፈተናውንም እኔ ብሄድላት ይሻል ነበር።

በዚያ በ2014ቱ ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ አልሞላም፤ ከመቶ 3.3። ውጤቱ የተነገረ ዕለት ከተማው ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ሁሉን በኖት አላመካኝም፤ ሐሰት ይሆንብኛል። የዘንድሮዎቹም አዲሱ መጽሐፍ በወረቀት ሳይደርሳቸው በፒዲኤፍ የመጣባቸው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሲከፈት ያደጉ ልጆች ናቸው። መጽሐፍ የሌለው ልጅ ኖት ላይ ካልተንጠለጠለ ምን ላይ ይንጠልጠል? ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም። ከነገርኳትማ ማታ ማታ ምን ብዬ እቆጣለሁ?

ባለፈው ሳምንት ግን ጉድ ፈላ። ባዶ ወረቀት ስትፈልግ የቆየ ሣጥኔን ከፍታ የ1959ኙን ደብተሬን አገኘች። ጽሕፈቴ እንደ ብራና ጽሕፈት ያማረ ነው፤ አንድ ፊደል ከመስመር አልወጣችም። ኮራሁ። "አየሽ፣ ኖት ማለት እንዲህ ነው" እያልኩ ሳለ ፎቶሲንተሲስ ጋ ደረሰች። ለፎቶሲንተሲስ የሚያስፈልጉ፤ አንድ፣ የፀሐይ ብርሃን። ሁለት፣ ውሃ። ሦስት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። አራት፣ ዱ ኖት ኢሬዝ።

"አባባ፣ ይሄ አራተኛው ምንድን ነው?"

ሳል መጣብኝ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ተከትላኝ ወጣች።

ምን ላድርግ፣ ነገርኳት። መምህራችን ለሚቀጥለው ክፍል ሰሌዳው እንዳይጠፋበት ሲል ከሥር "አታጥፉ" ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎ ነበር። እኔ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ ገለበጥኩ፤ ይህችንማ ትልቅ ነገር መስላኝ በቀይ አሰመርኩባት። ሸመደድኳት። ፈተና ላይም ጻፍኳት። መምህሩ ከአራት ሦስት ሰጥቶኝ ከጎኗ "አይ ዊል ኖት" ብሎ ጻፈ፤ አላጠፋውም ማለቱ ነው። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ባለቤቴም ሰማችና "ያን ነጋዴ አግብቼ ቢሆን ኖሮ" አለች። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ልጅቷ ገጹን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ለማስታወሻ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ትናንት ማታ አንድ የጎረቤት ልጅ "አባባ፣ እኔንም ጠይቁኝ" ብሎ መጣ። እሱም ተፈታኝ ነው። ምን ይዘሃል ብለው ስልኩን ሰጠኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የአንድ ጎበዝ ተማሪ የድሮ ኖት ነው አለኝ፤ ጓደኛው በዜንደር ልኮለት ነው። ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ።

"ሳንላይት፣ ዋተር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ" ብሎ ትንፋሽ ወሰደ፤ "አራተኛ፣ ዱ ኖት ኢሬዝ።"

መነጽሬን አስተካከልኩ። "ልክ ነህ" አልኩት፤ "ቀጥል።"