የካልሲ ቸርነት

በጎ ፈቃደኞች እንቅልፍ አጥተው የሚያዘጋጁትን የሶፍትዌር ባለሙያዎች ጉባኤ ስፖንሰር ማድረግ እንዴት ያለ የተቀደሰ ሥራ ነው! ገና የስፖንሰርነት ጥሪው ሲወጣ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ስብሰባ ይቀመጣሉ። ጉባኤው ስለምን እንደሆነ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ከፕላቲኒየም፣ ከወርቅና ከብር የትኛው ደረጃ ዓርማቸውን ከተፎካካሪ ዓርማ በላይ እንደሚሰቅልላቸው ነው።

ደረጃው ከተገዛ በኋላ በኩባንያው የማስተዋወቂያ ዳስ ውስጥ የሚቆም ሰው ይመረጣል። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ኮድ የሚጽፍ ሰው እንዳይላክ! እንዲህ ያለው ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል፤ አንዳንዴም የምርቱን ጉድለት ያምናል፤ ይባስ ብሎ ጎረቤት ዳስ ሄዶ ወሬ ይጀምራል። ትክክለኛው ተወካይ ፈገግታው የማይደክም፣ መፈክሩን በቃሉ የሚያነበንብ፣ «ይህ ነገር ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር እንዴት ይሠራል?» ሲባል «ኢሜይልዎን ይተዉልኝ፤ የቴክኒክ ክፍላችን ያነጋግርዎታል» የሚል ነው። የመጣውም ለኢሜይሉ ነው። ደረት ላይ የተንጠለጠለው ባጅ በስልክ ይነበባል፤ የእንግዳው ስም ፊቱ ሳይታይ የሽያጭ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ተማሪ ይሁን ሥራ ፈላጊ፣ ወይም መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሊጠይቅ ብቅ ያለ፣ ለአለቃ በሚቀርበው ሪፖርት ላይ ሁሉም የነገ ደንበኛ ነው።

ከዚያ ካልሲው ይመጣል። ካልሲ፣ ቲሸርት፣ ተለጣፊ፣ የውኃ ኮዳ። ላቅ ያለው ለጋስ ደግሞ ድሮን በዕጣ ያወጣል፤ ዕጣውም የመጨረሻው ተናጋሪ መድረክ ላይ ባለበት ሰዓት ዳሱ ፊት ለፊት ይወጣና ምስኪኑ ተናጋሪ ለባዶ ወንበሮች ያስረዳል።

ይህ ጥበብ ያልገባቸው ቦታዎችም አሉ። በአውሮፓ የብርድ ወራት ብራስልስ ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚካሄደውን ፎስደም የተባለ የነፃ ሶፍትዌር ጉባኤ ውሰዱ። መግቢያው በነፃ ነው፤ ምዝገባ እንኳ የለም፤ ስለዚህ የሚነበብ ባጅ የለም። ጠረጴዛዎቹ የሚሰጡት ለነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ነው፤ ከጠረጴዛው ጀርባ የምታገኙትም ብዙ ጊዜ ኮዱን የጻፈውን ሰው ራሱን ነው። ጠየቃችሁት፣ መለሰላችሁ። ለገበያ ባለሙያ ከዚህ የከፋ ስደት ከየት ይመጣል?

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እናውራ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ ዓለም ተርበተበተ። እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ምስጢራቸውን በዚህ ሶፍትዌር ነበር የሚጠብቁት። የኦፕንኤስኤስኤል ፋውንዴሽን ኃላፊ ስቲቭ ማርኬስ ያኔ እንደተናገረው በዓመት የሚያገኙት ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበትም አንድ ሰው ብቻ። 2,000 ዶላር ለአንድ ፕላቲኒየም ዳስ ምንጣፍና መብራት የሚበቃ አይመስለኝም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንዲሉ፣ ሲልሱ የከረሙት ኩባንያዎች ከአደጋው በኋላ ደንግጠው በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ሚሊዮኖች አዋጡ። እሰይ! ትምህርቱ ገባቸው ተባለ።

አልገባቸውም። ኤክስዜድ የተባለውን የመጭመቂያ ሶፍትዌር የሚንከባከበው ሰው በ2022 ሥራው ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን፣ የአእምሮ ጤናውም እንደታወከ በአደባባይ ጽፎ ነበር። ከጎኑ ሆኖ የሚያግዘው ትጉህ በጎ ፈቃደኛ ግን አላጣም፤ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ፣ ትዕግሥተኛ፣ ዓመታት የሠራ። በመጋቢት 2024 ይህ ደግ ሰው ሶፍትዌሩ ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ምስጢራዊ መግቢያ፣ ቀብሮ ተገኘ። የተጋለጠውም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከርቀት ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት ነገሩን ቸል ስላላለ ነው። ኩባንያዎቹ በየጉባኤው ካልሲ ሲያድሉ፣ ለደከመው ሰው ረዳት የላከለት ሰርጎ ገቡ ነበር። ከሁሉም ስፖንሰሮች ይበልጥ ማኅበረሰቡ የሚፈልገውን ያወቀው እሱ ነው ማለት ነው።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ የስፖንሰር ገንዘብ ሁሉ ከንቱ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሚካሄደው የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ጉባኤ ፓይኮን አቅም የሌላቸውን ተሳታፊዎች የጉዞ ወጪ ይደጉማል። ነገር ግን የጉባኤው ባለቤት የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2025 አፍሪካን ጨምሮ በየአገሩ ላሉ የፓይተን ስብሰባዎች የሚሰጠውን ድጎማ ገንዘብ ስላጠረው ለጊዜው አቁሟል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየመድረኩ በሚወደስበት፣ አብዛኛው ሥራው በፓይተን በሚጻፍበት በዚሁ ዓመት!

ለገበያ ክፍል ኃላፊዎች ልመናዬ አጭር ነው። የዳሱን በጀት ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን ኩባንያችሁ ለቆመበት ነፃ ኮድ ተንከባካቢዎች ስጧቸው፤ በቀረው ግማሽ ደግሞ ሲጠየቅ የሚመልስ አንድ ፕሮግራመር ወደ ጉባኤው ላኩ።