እማዬ፣ እዚህ ዋጋ አይቀነስም

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽና ከበርበሬ እጦት በቀር ደህና ነኝ። «ገበያቸው እንዴት ነው?» ላልሽኝ መልሱ ይኸውልሽ።

የቫሌንሲያን ማዕከላዊ ገበያ ጉልላት ከሩቅ ብታዪ ትሳለሚዋለሽ። ቀና ብለሽ ስታስተውዪ ግን ጫፉ ላይ ያለው መስቀል ሳይሆን የንፋስ አቅጣጫ የምትጠቁም በቀቀን ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 የተመረቀ፣ በብረት፣ በመስተዋትና በባለቀለም ሸክላ ያጌጠ፣ ከ8,000 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ አዳራሽ ነው። እንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ ሽንኩርት መሸጥ ድፍረት ነው። ፊት ለፊቱ ዩኔስኮ የመዘገበው የጥንት ሐር ነጋዴዎች አዳራሽ አለ፤ ቱሪስቱ እሱን ሊያይ ይመጣና እኛ ጋ ገብቶ መንገድ ይዘጋብናል። በእኛ ሰዓት ጠዋት 1 ተኩል ተከፍቶ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እሑድ ጭራሽ የለም።

ሰልፍ አይታይም፤ ሁሉም ግን ተሰልፏል። የደረሰ ሰው «የመጨረሻው ማነው?» ይላል፣ አንዷ አሮጊት ጣቷን ታነሳለች፣ ከዚያ እሷን በዓይን መከተል ነው። ጋሪዋን እየጎተተች ወይራ ልትገዛ ትሄዳለች፣ ከሌላዋ ጋር ስለ ልጅ ልጇ ታወራለች፣ ስትመለስ ተራዋ እንዳለ ነው። ማንም አይሰርቅባትም።

ከእኔ ቀድመው የነበሩት ሴትዮ ጥንቸል ገዙ። ቆዳው ተገፏል፣ ጭንቅላቱ ግን ከነዓይኑ አለ። ባለ ሉካንዳው ሳይነገረው ለፓኤያ በሚሆን መጠን ከታተፈው። ፓኤያ ማለት በሰፊ መጥበሻ የሚሠራ የሩዝ ምግባቸው ነው፤ ሩዙ የሚበቅለው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አልቡፌራ ሐይቅ ዙሪያ ነው። ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ፎሶሊያ፣ ትልልቅ ነጭ ባቄላና ሳፍሮን ይገባበታል። ሽንኩርት ግን አይገባበትም! «ትንሽ ቁሌት ቢኖረው» ብዬ ለአከራዬ ሐሳብ ባቀርብ ሃይማኖቷን የነካሁ ያህል ተቆጣች። ቀንድ አውጣም ትጨምርበታለች። ገበያው ላይ በመረብ ከረጢት ታስረው ይሸጣሉ፤ አንዱ ቀዳዳ አግኝቶ ቀንዱን ቀስሮ ወደ ሻጩ ሚዛን ሲያዘግም ዓይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ዋጋ አይቀነስም። ቲማቲሙ ላይ ዋጋው ተጽፎ ተሰክቷል፣ መንካትም ክልክል ነው። አንቺ እኮ ጨብጠሽ፣ አሽትተሽ፣ «ይሄን ነው ቲማቲም የምትለው?» ብለሽ ስትሄጂ ከኋላ እየተጠራሽ የምትመለሽ ሴት ነሽ። እዚህ ብትሄጂ የሚጠራሽ የለም፤ ከኋላሽ ያለችው አሮጊት ትስተናገዳለች።

ምርቃት ግን አለ! ዓሣ ሻጯ «ቆንጆዬ» እያለች ስትመዝንልኝ (ሁሉንም ነው እንዲህ የምትለው፣ አትደንግጪ) በመጨረሻ ጭብጥ ሙሉ ፓርስሊ በነፃ ወረወረችልኝ። አልለመንኩም፣ አልተከራከርኩም። እንደ እኔ ግምት የክርክሩን ጊዜ ለወሬ ነው ያተረፉት፤ አንድ ኪሎ ዓሣ ለመግዛት የሴትየዋን የጉልበት ሕመም ታሪክ ከነሕክምናው መስማት አለብሽ።

ቅመም ተራ ደረስኩና በርበሬ አገኘሁ ብዬ ልቤ ዘለለ። ቀይ ነው፣ ደቃቅ ነው፣ የጭስ ሽታው ደስ ይላል። ሻጩ ጣፋጩንና የሚያቃጥለውን ለይቶ አሳየኝና የሚያቃጥለውን ስወስድ «ጠንቀቅ በል» ብሎ መከረኝ። ቀመስኩት። ሕፃን ልጅ እንኳ አያስነጥስም።

ስለዚህ በሚመጣ ሰው በርበሬ ላኪልኝ፤ ሚጥሚጣም ካለ አትጥዪኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ቀንድ አውጣ በሚቀቀልበት ቤት መከራየቴን ግን ለነፍስ አባታችን እንዳትነግሪብኝ።

ልጅሽ ከቫሌንሲያ