በማራቶን ዋዜማ ሳምንታት ስለሚነሣው የዕረፍት ደዌ፦ መጠነኛ ጥናት

ሰው ለመሮጥ ብሎ እንቅልፉን፣ ሥራውንና ትዳሩን ማጓደሉ ብዙ የተባለበት ጉዳይ ነው። ሰው ባለመሮጡ ሲታመም ግን ከቁም ነገር ቆጥሮ የሚጽፍለት የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን በመጠኑም ቢሆን ለመሙላት ይሞክራል።

የጥናቱ ቦታ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ፣ በተለይም ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድርያ ነው። ወቅቱ ከመስቀል ማግስት እስከ ጥቅምት አጋማሽ። ተጠኚዎቹ በማሪን ኮር ማራቶን ለመሮጥ የተመዘገቡ፣ በአዘቦት ቀን ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ሆስፒታል የሚያድሩ ወይም ኮምፒውተር ላይ ተጎልተው የሚውሉ ወገኖቻችን ናቸው። ውድድሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በፈረንጆች ከ1976 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረው ይህ ማራቶን ለአሸናፊ የገንዘብ ሽልማት አይሰጥም። ስለዚህ የሚሮጠው ሰው ማንም ሳያስገድደው፣ ምንም ሳይከፈለው የሚሮጥ ነው፤ እንዲያውም ከኪሱ ከፍሎ።

አስቀድሞ ሳይንሱ። ለማራቶን የሚዘጋጅ ሰው ለወራት ኪሎሜትር ሲያጠራቅም ይቆይና ውድድሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምዱን ይቀንሳል። ሯጮቹ «ቴፐር ላይ ነኝ» ይላሉ። ነገሩ የሚሠራው ድካም ከሰውነት ቶሎ ሲወጣ ብቃት ግን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ነው፤ በመካከላቸው ባለችው ጥቂት ጊዜ ጡንቻ ይጠገናል፣ የስንቁ ጎተራ ይሞላል። በ2007 የወጣ፣ ቀደምት ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ እንደሚለው ዋነኛው ብልሃት ለሁለት ሳምንት ያህል የሩጫውን መጠን ከ41 እስከ 60 በመቶ መቀነስ፣ ፍጥነቱንና የልምምድ ቀናቱን ግን አለመንካት ነው። በ2021 ደግሞ ከ158 ሺህ በላይ የመዝናኛ ሯጮችን መረጃ ያገላበጡ ተመራማሪዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳያዛንፉ የቀነሱት ብዙም ካልቀነሱት አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ እንዳተረፉ አሳይተዋል። በአጭሩ፣ ቁጭ ብሎ የሚገኝ አምስት ደቂቃ አለ። ጥናታችን የሚነሣው ይህን ደቂቃ ሰው ለምን መቀበል እንደሚያቅተው ከመጠየቅ ነው።

ታሪክም ከዕረፍት ጎን ቆሟል። ቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ በ1950 የተበላሸ ምግብ በልቶ ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በብራስልሱ የአውሮፓ ሻምፒዮና 5 ሺህንም 10 ሺህንም አሸነፈ። የእኛው አበበ ቢቂላ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 1964 ትርፍ አንጀቱን ተቀድዶ፣ በኦክቶበር 21 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ፤ ገብቶም ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ይህ ጥናት ለቴፐር ተብሎ ትርፍ አንጀት እንዲወጣ አይመክርም። ይህን የምንለው፣ ከተጠኚዎቹ አንዱ ዋጋውን ስለጠየቀ ነው።

የደዌው የመጀመሪያ ምልክት ጉልበት ላይ ይወጣል። በነሐሴ ወበቅ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ 32 ኪሎሜትር ሲጫንበት ትንፍሽ ያላለው ጉልበት፣ ባለቤቱ ሶፋ ላይ በተቀመጠ በሦስተኛው ቀን መናገር ይጀምራል። የሕመሙ ጠባይ ለየት ያለ ነው፦ ሰው ሲያይ ይብሳል፣ አርሰናል ሲጫወት ይጠፋል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ይዛወራል። ተጠኚው የጉልበቱን ሎሚ በአውራ ጣቱ ይጫናል። ካመመው «አለቀልኝ» ይላል። ካላመመው ጠንከር አድርጎ ይጫናል፣ እስኪያመው።

ቀጥሎ ሚዛን ይመጣል። ሰውነት የሚያከማቸው እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ በደንብ የበላና ያረፈ ሯጭ አንድ ሁለት ኪሎ መጨመሩ የጤና ነው፤ እንዲያውም ስንቁ መግባቱን የሚያሳይ ደረሰኝ ነው። ተጠኚው ይህን ያውቃል፤ ለሌላ ሰውም በደንብ ያስረዳል። ራሱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን «ወፈርኩ» ብሎ ስንቁን ሊያራግፍ ይወጣል። ለባለቤቱ «ወተት ልግዛ» ይላታል። ወተት ሊገዛ የሚሄድ ሰው የጫማውን ማሰሪያ ሁለቴ እንደማይቋጥር ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ በላብ ተጠምቆ ይመለሳል። ወተቱን ረስቶታል።

ሦስተኛው ምልክት ከማኅበራዊ ኑሯችን ጋር ስለሚጋጭ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ሐበሻ ሲገናኝ ይሳሳማል። አንዴ አይበቃም፤ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ፣ ናፍቆት ካለ አራተኛም ይጨመራል። ጥቅምት ደግሞ ጉንፋን የሚገባበት ወር ነው። ስለዚህ ቴፐር ላይ ያለው ሰው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚያሳየው ጠባይ ለአጥኚ ሀብት ነው። ሰላምታን ከሩቅ ይጀምራል፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ያላወቀው ሰው «ምን ያህል ትሑት ሆነ!» ይላል። አንድ ሰው ካስነጠሰ «ይማርህ» ለማለት አፉን ከፍቶ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሽና «ይማርህ» ይላል። ያስነጠሰው ሰው «ያኑርህ» ብሎ መልስ ሊሰጥ ቢፈልግም የሚሰጠው ሰው አጠገቡ የለም።

ትልልቅ ሰዎች ነገሩን በቀላሉ አይቀበሉትም። በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ የሚከተለው ተሰምቷል።

«ልጄ፣ ዛሬ ሳትሮጥ ቀረህ?»

«አዎ እማማ፣ እያረፍኩ ነው።»

«ምን ሠርተህ?»

«አይ፣ እሮጣለሁ፣ ለሱ ነው።»

«ገና ላልሠራኸው ነው የምታርፈው?»

«አዎ እማማ።»

«ይሁና። በል ብላ።»

በላ። የእማማን ሙግት ለማስተባበል የሚችል የሳይንስ ክርክር አልተገኘም። ስለ መብል ካነሣን፣ ማራቶን ሊሮጥ ሁለት ቀን የቀረው ሰው መብላት ያለበት ካርቦሃይድሬት ነው፤ ሥጋውና ቅባቱ ቀስ ይበሉ ይባላል። ውድድሩ እሑድ እንደ መሆኑ ዋናው የመብል ጊዜ ዓርብና ቅዳሜ ይሆናል። ዓርብ ጾም ነው። ወቅቱም ጾመ ጽጌ ነው፤ የፈቃድ ቢሆንም የሚጾመው አይጠፋም። እንጀራ፣ በሶ፣ ሩዝ፣ በስልስ የተሠራ ፓስታ፣ ድንች። የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለዓመታት ደክመው የደረሱበትን ዝርዝር እናቶቻችን ዓርብ ዓርብ ሲያቀርቡልን ኖረዋል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ምስሩንና ሽሮውን ቅዳሜ ማታ ያበዛ ሯጭ እሑድ የሚቆመው ከተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤቱ ወረፋ ላይ ነው።

የደዌው ሥር ግን ከጉልበትም ከጉንፋንም ይጠልቃል። አንድ ሐበሻ ማራቶን ሊሮጥ መሆኑን የሥራ ባልደረቦቹ ሲሰሙ የሚሉት አንድ ነው፦ «አንተማ ታሸንፋለህ።» አምስት ሰዓት ሊፈጅበት ላሰበ ሰው ይህ ከባድ ሸክም ነው። በ2024 ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆኖ ሳለ በተጎዳው ሲሳይ ለማ ምትክ ተጠርቶ፣ ፓሪስ ላይ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ወስዷል። የፓርኪንጉ ማናጀር ይህን አይቷል። የሠራተኛው ቁርጭምጭሚትም ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ይመስለዋል። ተጠኚው ግን ሌሊት በሕልሙ የሚያየው ወርቅ አይደለም። የሚያየው የ14ኛው ጎዳና ድልድይን ነው። 32ኛው ኪሎሜትር አካባቢ ካለው ከዚህ ድልድይ በተወሰነ ሰዓት ያልደረሰ ሯጭ መንገዱ ለመኪና ስለሚከፈት አውቶቡስ ላይ ይጫናል። የአበበ ቢቂላ አገር ልጅ በመስኮት እያየ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሲገባ! ይህን ያለመ ሰው ነው እንግዲህ በማግስቱ «ወተት ልግዛ» የሚለው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ከሰኔ ጀምሮ የተጠየቀው ሁሉ «ከማራቶኑ በኋላ» ተብሎ ተላልፏል፦ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ ያልተጠየቀችው አራስ፣ ሦስት ጊዜ የቀረበት የዕድር ስብሰባ። ቀድሞ እሑድ ጠዋቱን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሚሆን ጥያቄው አይደርስበትም ነበር። አሁን ሳሎን ተቀምጧል፤ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሏል፤ ቧንቧውም ይሰማል። «ቁጭ ካልክ አይቀር...» ትላለች ባለቤቱ። ወገቡን እንዳያመው መጎንበስ እንደማይችል ያስረዳል። መሰላል መውጣትም አይችልም። መኪና ወደ ኋላ ለመንዳት ዞሮ ማየት እንኳ አንገት ይይዛል። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ቅዳሜ የመሮጫ ቁጥሩን ሊቀበል ሄዶ፣ በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ካልሲና ቲሸርት ሲያማርጥ አራት ሰዓት ቆሞ ይውላል።

አንድ የመጨረሻ ግኝት አለ። ሰው ጉልበት ተርፎት፣ ጊዜ ተርፎት፣ ስልክ በእጁ ሲሆን ምን ያደርጋል የሚለው ነው። አብዛኞቹ ተጠኚዎች የመጀመሪያውን ማራቶን ሳይሮጡ፣ ሶፋው ላይ እንደተጋደሙ፣ ለጸደይ ሌላ ተመዝግበው ተገኝተዋል። የቧንቧው ጉዳይ በዚሁ መሠረት ወደ ሚያዝያ ተዛውሯል።